ለጉዳይ አዲስ አበባ ለሚመጡ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም ያቀረብናቸው ጥያቄዎች ለበረራ፣ ለሥልጠና፣ ለሕክምናና ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ ከሚመጡ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ስለ ዋጋ ብዙ ሰው ጠይቆናል። ታሪፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የዛሬውን ቁጥር ብንጽፍ እናንተ ጋ እስኪደርስ ያረጃል፤ ስለዚህ ዋጋውን እዚያው የምታረጋግጡበትን መንገድ መናገር መርጠናል።

ጥያቄ፦ እህቴ ለሥራ ወደ ቤሩት ልትሄድ ነው። ትኬቷ ላይ «ማክሰኞ፣ 16 ዲሴምበር፣ 01:20» ይላል። ሰኞ ማታ ከደሴ አዲስ አበባ ገብተን፣ አድረን፣ ማክሰኞ ሲነጋ ቦሌ ልናደርሳት አስበናል። ይበቃናል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይበቃችሁም፤ እናንተ ገና አልጋ ላይ ሳላችሁ አውሮፕላኑ ሄዷል። ከክፍለ ሀገር ለበረራ የሚመጣ ሰው ጉዞው የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይሄው የሰዓት ነገር ነውና ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 01:20 በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው። የእኛ ቀን ሲነጋ ይጀምራል፣ የትኬቱ ቀን ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ስለዚህ «ማክሰኞ 01:20» የሚለው እኛ ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ የምንለው ነው። ዲሴምበር 16 ታኅሣሥ 7 ስለሚሆን እህታችሁ ከቤት የምትወጣው ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ ማታ ነው። ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚያስፈልግ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ቦሌ ተርሚናል 2 በር ላይ መገኘት አለባት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡስ ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ መጠባበቂያ እንዲኖራችሁ ቅዳሜ ተነሡ፤ ቢዘገይ ቢዘገይ እሑድ።

ሌላ ጊዜ እንዳትቸገሩ ስሌቱ ይኸውላችሁ። የተጻፈው ሰዓት ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሱለት፣ የቀን ሰዓት ነው። ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ቀንሱለት፣ የምሽት ሰዓት ነው። ከ00 እስከ 05 ከሆነ 6 ደምሩበት፤ ይሄ ሌሊት ነው፣ ቀኑንም በእኛ አነጋገር በአንድ ወደ ኋላ መልሱት። 06 ከሆነም 6 ደምሩበት፤ እሱ ግን የጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ አይለወጥም። የኤምባሲ ቀጠሮም በዚሁ ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ 08:00 ያለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ሸኚ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባምና ስንብቱን ውጭ ጨርሱ። መጀመሪያው በር ላይ ፓስፖርትና ትኬት ይታያል፣ ሻንጣ በማሽን ያልፋል፣ ጫማና ቀበቶ ይወልቃል። ቅቤና ማር ስንቅ ካላት በእጅ ሻንጣ አትያዘው፤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ይቀራል። በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ከባሕር ዳር እመጣለሁ። ማረፊያዬ መገናኛ ነው፣ ሥልጠናው ሜክሲኮ። ሚኒባስ ታክሲ ልያዝ ወይስ ባቡር? ወያላዎቹ የሚሉት አይሰማኝም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱንም ይወቋቸው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይደርሳል።

መገናኛ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ተራው ብዙ ነው። የቦሌው፣ የአራት ኪሎው፣ የአያቱ፣ የሜክሲኮው ታክሲ የሚጭነው በየራሱ ቦታ ሲሆን ከአንዱ ወደ አንዱ ሰፊ መንገድ መሻገር አለ። ስለዚህ ከታክሲው በፊት ተራውን ይፈልጉ፤ ተራ አስከባሪ ወይም የተሰለፈ ሰው «የሜክሲኮ ተራ የት ነው?» ቢሉት ያሳይዎታል። ወያላው የሚጠራው የመጨረሻውን ፌርማታ ነው። ሲያፈጥነው «ሲኮ ሲኮ» ብቻ ሊሰማዎት ይችላል፤ እግርዎን ከማስገባትዎ በፊት «ሜክሲኮ ነው? እስከ መጨረሻው?» ይበሉት። «እስከ መጨረሻው» የምትለዋ ቃል ዋጋ አላት፤ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አንዳንዶቹ መንገዱን ቆራርጠው ይጭናሉ፣ ግማሽ ላይ ያወርዱዎትና ሁለት ጊዜ ያስከፍሉዎታል።

ሒሳብ የሚሰበሰበው ታክሲው ከተነሣ በኋላ ነው። ዝርዝር ብር ይያዙ፤ በተለይ ጠዋት ወያላው ገና መልስ የለውም። ታሪፉ ታክሲው ውስጥ ካልተለጠፈ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ይጠይቁት፣ ወያላው እርስዎ ጋ ሳይደርስ ዋጋውን ያውቁታል። መውረጃዎ ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ይበሉ፤ ታክሲ በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ስለሚቆም ደጃፉ ላይ ደርሰው ቢናገሩ ወደ ቀጣዩ ይዞዎት ይሄዳል። ጋቢና ወይም መስኮት አጠገብ ከተቀመጡ ስልክዎን አያውጡ፤ መንገድ ተዘጋግቶ መኪና ሲቆም ከውጭ ይመነጨቃል። በር ላይ ግፊያ ሲፈጠር፣ በተለይ ጃኬት በክንዱ ላይ ያጠፈ ሰው ሲጠጋዎት፣ እጅዎን ኪስዎ ላይ ያድርጉ።

በባቡር ከሆነ ከመገናኛ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን አረንጓዴውን ይያዙ፣ ሳይቀይሩ ሜክሲኮ ይወርዳሉ። ቲኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት ይቁረጡ፤ እስከሚወርዱም አይጣሉት። ስሕተት የሚፈጠረው ሲመለሱ ነው። ከ2008 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የሚሠራው ይህ ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ግን ሁለቱ በአንድ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሜክሲኮ ቆመው መጀመሪያ የመጣውን ዘለው ቢገቡ ሳሪስ ሊገኙ ይችላሉ። «አያት» የሚለውን ይጠብቁ። ተሳስተው ሰማያዊው ላይ ከወጡም አይደንግጡ፣ ስታዲየም ይውረዱና እዚያው አረንጓዴውን ይጠብቁ፤ ከዚያ ካለፉ ግን መመለስ ሊኖርብዎት ነው። የባቡሩ ጥሩነት የመንገድ መጨናነቅ አይነካውም፤ ችግሩ ባቡሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ጥበቃው ይረዝማል፣ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ለጠዋት ሥልጠና ቢያንስ አንድ ሰዓት ይመድቡለት።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ከሐዋሳ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላመጣት ነው። ብዙ መራመድ አትችልም። ከመናኸሪያ እንዴት ላድርሳት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሐዋሳ አውቶቡስ በአብዛኛው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው የሚገባው፤ የግል አውቶቡስ ከያዛችሁ ግን ሌላ ቦታ ሊያወርድ ስለሚችል ትኬት ስትገዛ «አዲስ አበባ የት ነው የምታወርዱን?» ብለህ ጠይቅ። ከቃሊቲ በባቡር ሜክሲኮ ወርዶ በሰንጋ ተራ በኩል ሽቅብ መሄድ ይቻላል፣ ለእናትህ ግን አንመክርህም፤ ደረጃውም ግፊያውም ይበዛባታል።

በስልክ መኪና ጥራ። ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 ሲደወል ይልካሉ፤ ዘመናዊ ስልክ ባይኖርህም ይሠራል። መናኸሪያው በር ላይ የተደረደረው የኮንትራት ታክሲ ሻንጣ የያዘ እንግዳ ሲያይ ዋጋ ይሰቅላልና ከበሩ ወጣ ብለህ ደውል። ሾፌሩ መልሶ ይደውልልሃል፣ የመጀመሪያ ጥያቄውም «የት ጋ ነህ?» ነው። የመንገድ ስም ወይም የቤት ቁጥር አይረዳውም። ከፊትህ የምታየውን ትልቅ ነገር ንገረው፤ ነዳጅ ማደያ፣ ባንክ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ «ከመንገዱ ማዶ» ወይስ «ከወዲህ» የሚለውንም ጨምርለት፤ ቀለበት መንገድ ላይ ማዶና ወዲህ ከተሳሳተ መኪናው ረጅም መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው። ሲደርስ ሰሌዳውን ከተላከልህ ቁጥር ጋር አመሳክር። «አፑን ላጥፋውና እንስማማ» የሚል ሾፌር ካጋጠመህ እሺ አትበለው። የሪፈር ወረቀቷን ወይም የምርመራ ውጤቷን መኪናው ውስጥ ብትረሳ፣ ጉዞው ካልተመዘገበ መኪናውን የምታገኝበት መንገድ የለም።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ከ15 ዓመት በኋላ ልመጣ ነው። ፒያሳ ፈርሷል ይሉኛል። የድሮ አድራሻዬን ይዤ ልጥፋ ነው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ስሙ አልፈረሰም፤ ወያላው ዛሬም «ፒያሳ» ነው የሚለው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የድሮው ሰፈር ትልቁ ክፍል ተነሥቷል፣ መንገዱም ሰፍቷል፤ «ከእገሌ ኬክ ቤት ጀርባ» የሚል ምልክት ከእንግዲህ አያደርስም። የቀሩትን ይያዙ፦ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ ራስ መኮንን ድልድይን። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የካቲት 2016 የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አሁን የሰፈሩ ዋና ምልክት ሆኗል። የታክሲ ማቆሚያዎችም ስለተቀያየሩ የድሮው ቦታ ላይ ቆመው አይጠብቁ።

የመንግሥት ጉዳይ ካለብዎት ሌላም ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ተመሥርቷል። አያት፣ ሰሚት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ያለ ቤት ሰነዱ ላይ «ቦሌ» ወይም «የካ» ቢልም ፋይሉ ዛሬ ለሚ ኩራ ሊሆን ይችላል፤ ሰልፍ ከመያዝዎ በፊት መረጃ ክፍል ይጠይቁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነውና የመጀመሪያውን ቀን ዐረፍ ይበሉ፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለሦስተኛው ቀን ይቆይ።

ጥያቄ፦ በረራዬ መስከረም 16 ማታ ነው። ደመራው መንገድ ይዘጋብኛል? (ከሪያድ፣ ለዕረፍት መጥታ)

መልስ፦ ይዘጋብሻል። ደመራው መስቀል አደባባይ ስለሆነ፣ ከአደባባዩ ወደ ቦሌ የሚወስደው መንገድም ሆነ በዙሪያው ያለው ከቀትር በፊት ጀምሮ ለመኪና ይዘጋል፣ ማታ ሕዝቡ እስኪበተንም አይከፈትም። መገናኛ በኩል ካለሽ በቀለበት መንገድ፣ በኢምፔሪያል አድርገሽ ግቢ። ሳሪስ ወይም ቃሊቲ በኩል ካለሽ በቦሌ ሚካኤል ይቀርብሻል። ሜክሲኮ፣ ለገሃር ወይም ካዛንቺስ ያረፍሽ ከሆነ ግን ጠዋቱን ሻንጣሽን ይዘሽ ቦሌ አካባቢ ወዳለ ዘመድ ዞረሽ ዋዪ።