ጀርመን ለትምህርት ለምትሄዱ፦ ስለ ቸልተኝነትና ስለ ካሳ

ልጆች፣ የጤና ኢንሹራንስ ከሌላችሁ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ስለማይመዘግባችሁ እሱን ማንም አይዘነጋውም። በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍለውን፣ ሃፍትፍሊሽት የሚሉትን፣ ግን ግቡ ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም። በደረሳችሁበት ሳምንት ግቡ።

የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 823 ሆን ብሎም ሆነ በቸልተኝነት የሰው አካል ወይም ንብረት የጎዳ ይካስ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ ሕግ አንቀጽ 2028ም ከዚህ አይርቅም። ብዙዎችን የሚያስደነግጣቸው አፈጻጸሙ ነው። በብስክሌት ስትሄዱ ስልክ አየት አድርጋችሁ አንዲት አሮጊት ገጫችሁ እንበል። «ምንም አይደል ልጄ» ብለው ቢሸኟችሁም ነገሩ አላለቀም። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆነ የሚያሳክማቸው የጤና መድናቸው ነው፤ ካሳ የመጠየቁ መብትም በሕግ ወደ እሱ ይተላለፋል። ወራት ቆይቶ የሕክምናውን ሒሳብ ለእናንተ ይልካል። እዚህ ላይ ሽማግሌ መላክ አይሠራም። ተማሪ ነኝ፣ ለአገሩ እንግዳ ነኝ ማለትም ዕዳውን አያቀልም፤ ለካሳውም አንቀጹ ጣሪያ አላበጀለትም።

ለሃፍትፍሊሽት ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ70 ዩሮ በታች ይበቃል። ሽፋኑ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ እንዳያንስ፤ የጠፋ ቁልፍ መካተቱንም ውሉ ላይ ፈልጉ። የዶርም ቁልፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የሕንፃውን የጋራ በር ጭምር የሚከፍት ከሆነ ግን የሁሉም በር ቁልፍ ሊቀየር ይችላል። አከራዩ በእርግጥ ካልቀየረ ግን የመቀየሪያውን ወጪ ሊያስከፍላችሁ እንደማይችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ወስኗል። መኪናና ኤሌክትሪክ ስኩተር የየራሳቸው ኢንሹራንስ ስላላቸው እዚህ አይገቡም፤ የራሳችሁ ዕቃም እንደዚሁ።

ጉዳት ከደረሰ ፎቶ አንሱ፣ ምስክር ካለ ስልኩን ያዙ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ። ይሉኝታ ይዟችሁ «ሙሉውን እከፍላለሁ» ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በሕግ የሚገባውን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው በእናንተ ላይ ይቀራል። የአምስት ዓመት ላፕቶፕ ሰብራችሁ የአዲስ ዋጋ ብትጠየቁ፣ ወይም ተጎጂው ራሱ ጥፋት ቢኖርበት፣ ተከራክሮ ማስቀነስ የኢንሹራንሱ ሥራ ነው። ይርጋው፣ ማለትም ካሳ መጠየቂያው ጊዜ፣ 3 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ተጎጂው ጉዳቱንና አድራሹን ካወቀበት ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ተመርቃችሁ ብትመለሱም ወረቀቱን አትጣሉ።