ሞያሌን በሞተር፣ ያለ ፓስፖርት? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን በሐዋሳ ሞተር ነጂዎች መካከል "ኬንያን በሞተር" የሚለው ወሬ ሞቅ ብሏል። ስለ ሞያሌ መንገድ የምትጠይቁኝም በዝታችኋል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ "ያለ ፓስፖርት አይሆንም ወይ?" የሚል ነው። በየተራ ልመልስ፤ በቅንፍ ያለው የጠያቂው ሰፈር ነው።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ የነዋሪነት መታወቂያና መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሊብሬውም በስሜ ነው። በእነዚህ ማለፍ እችላለሁ?

አትችልም ወንድሜ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ "ቪዛ አያስፈልግም" የሚለው ወሬ ሐዋሳ እስኪደርስ "ምንም አያስፈልግም" ሆኗል። ቪዛ የቀረልህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዝክ ነው። ማህተሙም የሚመታው እሱ ላይ ነው። መንጃ ፈቃድህ መንዳት እንደምትችል፣ ሊብሬው ደግሞ ሞተሩ የማን እንደሆነ ይናገራል። አንተ የየት አገር ሰው እንደሆንክ ሁለቱም አይናገሩም።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ እኔ ግን ሞያሌ ላይ ሰዎች ምንም ሳያሳዩ ሲሻገሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልክ ነህ፣ አይተሃል። ሞያሌ መሐሏን ድንበር ያቋረጣት ከተማ ናት። ቦረናውም፣ ገሪውም፣ ቡርጂውም በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። ጠዋት ተሻግሮ ይገበያያል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። የድንበሩ ሰው ኑሮው ይሄ ነው፤ ሠራተኞቹም ያውቁታል። ከሐዋሳ ሞተር እያስነሳ የሚመጣ ሰው ግን በዚህ ልማድ ውስጥ አይገባም።

ደግሞም ከተማዋን ማቋረጡ ቀላሉ ነው። ፈተናው የሚመጣው ወደ ኬንያዋ ማርሳቢት ስትወጣ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ በተለያየ ቦታ የፖሊስ ፍተሻ አለ። ኢትዮጵያዊ መሆንህ ደግሞ ከመናገርህ በፊት ይታወቃል። የኬንያ የዜግነትና ኢሚግሬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ አገሩ ውስጥ ለተገኘ ሰው እስከ 500,000 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀምጣል። ሞተሩም ከእጅህ ይወጣል።

ጥያቄ (ከመናኸሪያ)፦ ፋይዳስ? አሻራዬ ሁሉ አለበት።

ፋይዳ ጥሩ ነገር ነው፣ አውጣው። ለድንበር ግን አይሆንም። ፋይዳ የሚሰጠው በአገሪቱ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ሁሉ ነው። ስለዚህ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፣ የጉዞ ሰነድም አይደለም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ኬንያውያን ኡጋንዳ በመታወቂያ ብቻ ይገባሉ ሲባል ሰማሁ። ለእኛ ለምን አይሆንም?

የሰማሽው እውነት ነው እህቴ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ዜጎች በሦስቱ አገሮች መካከል በብሔራዊ መታወቂያ ይጓዛሉ። ይህን የተስማሙት በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ጥላ ሥር ነው። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ያ ቀን እንዲመጣ ከልቤ እመኛለሁ። ከሐዋሳ ተነስቶ በመታወቂያው ናይሮቢ የሚደርስ ወጣት ማየት እፈልጋለሁ። እስከዚያው ግን ሕጉ ያለው እንዲህ ነው።

ጥያቄ (ከአላሙራ)፦ በ2011 ወደ ኤርትራ ያለ ምንም ወረቀት ይታለፍ አልነበር?

ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳና የቡሬ ድንበሮች ሲከፈቱ ሰው ያለ ፓስፖርት ይተላለፍ ነበር፤ በሃያ ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ተገናኙ። ወራት ሳይቆይ ግን ቁጥጥሩ ተመለሰ፣ መንገዱም ተዘጋ። ያ በሁለት መንግሥታት ፈቃድ ለአጭር ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ሞያሌ ላይ አይሠራም።

ጥያቄ (ከአሮጌ ገበያ)፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ከሞያሌ በሞተር በሌሊት የሚያሻግር ሰው አለ ብለውታል። "እስከ ናይሮቢ ብቻ ነው፣ ፓስፖርትም አይጠየቅም" አለኝ። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ ይህን በመጻፍዎ እግዜር ይስጥልኝ። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያስጨነቀኝ የእርስዎ ነው።

ያ ሰው ደላላ ነው። አሠራራቸው ይታወቃል። ልጆቹን በሞተር ኬላውን እየዞሩ በጫካ መንገድ ያሳልፏቸዋል። ከዚያ ለሌላ ሰው ያስረክቧቸዋል። የተባለው ገንዘብ አንድ ጊዜ ተከፍሎ አያልቅም፤ በየቦታው "ጨምር" ይባላል፤ ስልክ የሚደወለው ደግሞ ለእርስዎ ነው። "እስከ ናይሮቢ" የተባለውም ብዙ ጊዜ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይቀጥላል። በዚያ መንገድ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ፣ ጭነት መኪና ላይ ባለ ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛምቢያ ሉሳካ ዳር ላይ 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። ብዙ ልጆች የሚሄዱት ከእኛው ከደቡቡ ነው፤ ከሆሳዕና ዙሪያ፣ ከከምባታ።

ልጅዎን በቁጣ ብቻ አይያዙት። ቁጣ ሌሊት ተነስቶ እንዲሄድ ያደርገዋል። ቁጭ ብለው ይህን ይንገሩት፤ የሚያከብረው አጎት ወይም አስተማሪ ካለም ይጥሩለት። የደላላውን ስልክ ቁጥር ከያዙ ዛሬውኑ ለፖሊስ ይስጡ። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀውም ደላላው ነው። ናይሮቢ ማየት ከፈለገ ፓስፖርቱን ያውጡለት። ተምሮ ወይም ሠርቶ በበሩ ይግባ።

ጥያቄ (ከሎቄ)፦ ፓስፖርት ማውጣት ራሱ ጣጣ ነው ይባላል።

ጣጣ አለው፣ አልዋሽህም። ወረፋና ቀጠሮ ያሰለቻል። ቢሆንም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግህም፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ያልተቃጠለ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት አዘጋጅ። ማመልከቻውን ኦንላይን ትሞላለህ፣ ከዚያ በቀጠሮህ ቀርበህ አሻራና ፎቶ ትሰጣለህ። መደበኛው ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ 5,000 ብር ገብቷል። "እኔ አስጨርስልሃለሁ" ለሚል ሰው አትክፈል። በመታወቂያህና በልደትህ ላይ ያለው ስም ፊደሉ እንኳ እንዳይለያይ አስቀድመህ እይ፤ ሰው የሚመላለሰው በዚህ ነው።

ጥያቄ (ከዳቶ)፦ ፓስፖርቱ አለኝ። ለሞተሩ ምን ልያዝ?

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ያልተቃጠለ ቦሎ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ያስፈልግሃል። "የወንድሜ ነው" ማለት ድንበር ላይ አይሠራም።

እዚህ ያለህ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ኬንያ ውስጥ አይሸፍንህም። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል አገሮች ቢጫ ካርድ የሚሉት የጋራ ሽፋን አላቸው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም አሉበት። ከመነሳትህ በፊት ከኢንሹራንስህ ጠይቀህ አሠራው። ከዚህ ሌላ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዝ፤ አንዱ ለሌላው አይተካም። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ውሰድ። አንዴ ከወሰድክ ለዕድሜ ልክ ነው።

ጉምሩክ ላይ ሞተሩ ለጊዜው እንደሚወጣና እንደሚመለስ አስመዝግብ። ይህን ዘሎ የሄደ ሰው ሲመለስ "ሞተሩን ከኬንያ አስገባህ" ሊባል ይችላል። ሞያሌ ላይ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የተመረቀ የጋራ ኬላ አለ። የሁለቱም አገር ሠራተኞች እዚያው አብረው ይሠራሉ፤ ስትሄድ የምታቆመው በኬንያ በኩል፣ ስትመለስ በእኛ በኩል ነው። በቀን ድረስ፤ አመሻሽ ላይ ከደረስክ ሞያሌ እደር።

ጥያቄ (ከሞኖፖል)፦ መንገዱስ እንዴት ነው?

ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሐገረ ማርያም፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያልክ ትወርዳለህ። ከያቤሎ በታች ግመልና ከብት ድንገት መንገድ ይገባል፤ ሌሊት አትንዳ። ከመነሳትህ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ከሾፌሮች አጣራ።

ድንበሩን ስታልፍ ወደ መንገዱ ግራ ጎን ትቀይራለህ፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ሰው የሚሳሳተው ወዲያው እንደተሻገረ አይደለም፣ ነዳጅ ቀድቶ ወይም ሻይ ጠጥቶ ሲነሳ ነው። እጅህ በለመደው ቀኝ ይወጣል። አደባባይ ላይ ደግሞ የምታየው ወደ ቀኝህ ነው። ከቱርቢ እስከ ማርሳቢት ባለው የዲዳ ገልገሉ ሜዳ ላይ ንፋሱ ከጎን ይገፋል፤ ፍጥነት ቀንስ፣ ትልቅ ሻንጣ ከኋላ አትከምር።

ጥያቄ (ከጨፌ)፦ ናይሮቢ ላይ ፓስፖርት ቢጠፋብኝስ?

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ የጠፋበትን ማስረጃ ውሰድ። ከዚያ ናይሮቢ ያለው ኤምባሲያችን ለመመለሻ ሊሴ ፓሴ የሚባል ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ይሰጥሃል። የፓስፖርትህን ፎቶ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ ጋም አስቀምጥ።

ጥያቄ (ከሐረር ሰፈር)፦ ፓስፖርቴ ሊቃጠል 4 ወር ቀርቶታል። ልሂድ?

አድስና ሂድ። ኬንያ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ነው የምትፈልገው።