ከግድብ በር ጀርባ የሚወርድ ግፊት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ አምስት ኪሎ የሃይድሮሊክ ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ይሠራል ተብሎ ለታሰበ ግድብ የታችኛው ማስተንፈሻ (ከግድቡ ሥር ውኃ የሚለቀቅበት መተላለፊያ) የውኃ ፍሰት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሠርቻለሁ። ከበሩ በላይ 80 ሜትር ውኃ ሲኖርና በሩ በከፊል ሲከፈት፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት በታች 6.5 ሜትር የውኃ ዓምድ (ያን ያህል ከፍታ ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት) ያህል ይወርዳል። የማነበው መመሪያ ውኃው በግፊት ማነስ ወደ እንፋሎት አረፋ ተለውጦ ኮንክሪቱን የሚጎዳበት አደጋ የሚጀምረው 10 ሜትር አካባቢ ሲወርድ ነው ስለሚል፣ ውጤቱን ደህና ነው ብዬ ልቀበለው?

ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ ባይቀበሉት እንመክራለን። 10 ሜትር የሚለው ቁጥር ለባሕር ወለል የሚሠራ ነው፤ በዚያ ከባቢ አየር የሚጫነው 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ያህል ሲሆን፣ እርስዎ በጠቀሱት ከፍታ ግን 7.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ግፊት፣ ማለትም 0.24 ሜትር ሲቀነስ፣ ወሰንዎ 7.5 ሜትር አካባቢ ይሆናል። አዲስ አበባን ውኃ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብም የሚገኘው ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ይህ ስሌት ለደጋው ምድራችን ተራ ጉዳይ አይደለም።

የቀረዎት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። በ80 ሜትር ውኃ ግፊት የሚወጣው ፍሰት በሰከንድ 40 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የፍጥነቱ ጉልበት ራሱ 80 ሜትር የውኃ ዓምድ ያህል በመሆኑ፣ የሁለት በመቶ መዋዠቅ ብቻ ግፊቱን በ1.6 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። በብዛት የምንጠቀምባቸው የተርቡለንስ (የፍሰት ሁከት) ሞዴሎች ደግሞ የሚያሳዩት አማካዩን እንጂ እነዚህን ቅጽበታዊ መውረዶች አይደለም። በዚያ ቅጽበት የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ሲደርሱ እየፈረጡ ኮንክሪቱን ይቦረቡራሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የግሌን ካንየን ግድብ የጎርፍ ማስተንፈሻ ዋሻዎች ኮንክሪት ተቦርቡሮ እስከ ዐለቱ የደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በኋላ ሲጠገኑ አየር የሚያስገባ ቦይ ተሠርቶላቸዋል።

ስለዚህ በቅድሚያ ከበሩ ጀርባ የሚገኘው የአየር ማስገቢያ ቧንቧ በሞዴልዎ መካተቱን ያረጋግጡ፤ ካልተካተተ 6.5 ሜትሩ የእውነተኛው ማስተንፈሻ ባሕርይ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ በበሩ ከንፈር (የታችኛው ጠርዝ) አካባቢ ሜሹን፣ ማለትም ሞዴሉ ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትናንሽ ክፍሎች፣ እያደቀቁ ዝቅተኛው ግፊት መለወጥ እስኪያቆም ሲሙሌሽኑን ይድገሙት፤ ከንፈሩ ስለታም ከሆነና ግፊቱ በየድግግሞሹ እየወረደ ከሄደ፣ የከንፈሩን ትክክለኛ ቅርጽ ከንድፉ ወስደው ያስገቡ።