ስብስብ ልትመሠርቱ ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ስለ እምነት፣ ስለ ሴቶች መንፈሳዊ ሕይወትና ስለ አገር ጉዳይ በጋራ የምትወያዩበት ስብስብ ልትመሠርቱ እንዳሰባችሁ ብዙዎቻችሁ ነግራችሁኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ሙያዬ ማኅበራዊ ሥራ ነው፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሰው ሰብስቦ በማወያየት ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

የምትጠይቁኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፦ ማንን እንጋብዝ? ማን ቢመጣ አዳራሹ ይሞላል? እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፣ ተናጋሪው ይቆየንና ማን ይመራል? ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል? የመዋጮው ገንዘብስ በማን እጅ ነው? ይሄ ተራ የቢሮ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሴቶች ከጸሎት ቤት ተነስተው አደባባይ የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ ሴኔካ ፎልስ የተካሄደውን የሴቶች መብት ጉባኤ ሳትሰሙ አትቀሩም። የጠነሰሱት አምስት ሴቶች ናቸው። ከኤልዛቤት ካዲ ስታንተን በቀር ሁሉም ያደጉት ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ቤት ነው። ኩዌከሮች ዘንድ ደግሞ ሴቶች ለብቻቸው ይሰበሰቡ ነበር፤ ራሳቸው ይመራሉ፣ ራሳቸው ይወስናሉ፣ ውሳኔውንም ራሳቸው ይጽፋሉ። ሴት በአምልኮ መሃል ተነስታ መናገርም ትችላለች። ስለዚህ ከአምስቱ አንዷ የሆነችው ሉክሪሽያ ሞት ሕዝብ ፊት ስትቆም እግሯ የሚንቀጠቀጥ ሴት አልነበረችም፣ ቀድማ ለምዳዋለች። እንዲያም ሆኖ ሴኔካ ፎልስ ላይ ወንዶች በተገኙበት ጊዜ መድረኩን የመራው ባሏ ጄምስ ሞት ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሮቸስተር ሌላ ጉባኤ ተጠራ። አቢጌል ቡሽ የምትባል ሴት ትምራው ሲባል መጀመሪያ ከተቃወሙት ውስጥ ሉክሪሽያ ሞትና ስታንተን ነበሩበት! ቡሽ ግን መራችው፣ ጉባኤውም በሰላም አለቀ። እነዚያን የመሰሉ ሴቶች እንኳ የሴት ሰብሳቢ ነገር ከከበዳቸው፣ እናንተ ጋ ቢከብድ አትደነቁ።

በየስብስቡ ቀድማ መጥታ ወንበር የምትደረድር አንዲት ሴት አትጠፋም። ሌላው እያወራ ሲወጣ እሷ ወረቀት ትለቅማለች። ተናገሪ ስትባል «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። እባካችሁ ቃለ ጉባኤውን ለእሷ ስጧት። የመጀመሪያውን ቀን አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ትውላለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን የጻፈችውን ማንበብ ግድ ነው። ታነባለች። አንዷ ታቋርጣትና «እኔ እንዲህ አላልኩም» ትላለች። ያቺ ዝምተኛ ወረቀቷን አየት ታደርግና «ብለሻል» ትላለች። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ከሚፈጅ ሥልጠና ይህቺን «ብለሻል» እመርጣለሁ።

እምነታችሁ የተለያየ ከሆነ ደግሞ በዶግማ አትጀምሩ። «የእኔ መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ከተባለ ሙግት ነው፣ ሙግት ደግሞ የለመደበት ብቻ ነው የሚያሸንፈው። የአንዲት ሴት ሕይወት ይዛችሁ ግቡ። ለምሳሌ በኢራቅ የባስራ ከተማዋ ሙስሊም ራቢዓ አል-ዓደዊያ አለችላችሁ፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች፤ ፈጣሪን ገሃነምን ፈርታ ወይም ጀነትን ተመኝታ ሳይሆን ስለ እሱነቱ መውደድን በማስተማር ትታወቃለች። ወይም ወለተ ጴጥሮስ። ባሏ የአፄ ሱስንዮስ ሹም ነበር። ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆን እሷ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ አዲሱን እምነት በግልጽ ተቃወመች፣ ተጋዘች፣ በኋላም በጣና አካባቢ ማኅበረ መነኮሳት መሠረተች። የእሷን ነገር ያነበበ ሰው ጸሎት የጓዳ፣ መንግሥት የአደባባይ ነው ብሎ ሊከራከር ይቸግረዋል። ካነበባችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሱ፦ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ረዘም ቢልም አትሙሉት።

ጸሎቱና ውይይቱ ወደ ሥራ የሚሄድ ከሆነ ጥያቄያችሁን አጥብቡት። የላይቤሪያ ሴቶችን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2003፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ ውስጥ ዓሣ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ተቀመጡ፣ ፀሐዩም ዝናቡም እየወረደባቸው። የጠየቁት ሰላም ነው፣ ጥያቄያቸው ሁሉ በዚያ ዙሪያ ነበር። ፕሬዝዳንት ቻርለስ ቴይለር ተቀብሎ አነጋገራቸው። ጋና፣ አክራ ላይ የሰላም ድርድሩ ሲጓተት ደግሞ አዳራሹ በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠው ተደራዳሪዎቹን አናስወጣም አሉ። ስምምነቱ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ተፈረመ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌይማ ግቦዊ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ሆናለች። አሥር ጥያቄ ይዘው ቢወጡ ኖሮ ገና በአምስተኛው ላይ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስለኛል።

ወንዶች ይግቡ ወይ? ይሄንንም ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሴኔካ ፎልስ ላይ የመጀመሪያው ቀን ለሴቶች ብቻ ነበር፣ በማግስቱ ለሁሉም ተከፈተ። እናንተም እንደዚያ አድርጉት። መጀመሪያ ሴቶቹ ለብቻቸው ይነጋገሩና ያቺ ጸሐፊያችሁ የተባባሉትን ትመዝግብ፤ ወንዶቹ ሲገቡ ውይይቱ እሷ በምታነበው ይጀመር።