ፍራኪንግ (ጋዝ ለማውጣት ጥልቅ ድንጋይን በውሃ ግፊት መሰንጠቅ)፦ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥ፦ ጋሼ፣ ድንጋዩን በድማሚት ነው የሚሰብሩት?

መ፦ ትንንሽ ፈንጂ የሚገባው የብረት ቧንቧውን ለመብሳት ነው፤ ድንጋዩን የሚሰነጥቀው ውሃ ነው። ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ ጋዝ ባዘለው ሼል (ከጭቃ የተጠቀጠቀ ድርብርብ) ድንጋይ ውስጥ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከዚያ ውሃ፣ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል በከባድ ግፊት ይለቀቃል። አሸዋው ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይገጥም ይይዛል፤ ግንድ ሲፈለጥ ሽብልቅ እንደሚይዘው ማለት ነው።

ጥ፦ ስንት ውሃ ይፈጃል?

መ፦ ለአንድ ጉድጓድ 10 ሚሊዮን ሊትር ቢሉ ብዙ አይደለም፤ ከ20 ሚሊዮን የሚያልፍም አለ። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 1,000 ምልልስ አስቡት።

ጥ፦ እኔ ከመንዝ ነኝ። የምንጠጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ይበክላል?

መ፦ ስንጥቁ ራሱ እስከ መጠጥ ውሃ መድረሱ ብርቅ ነው፤ በመካከል ብዙ መቶ ሜትር ድንጋይ አለ። የሚያሰጋው በቧንቧው ዙሪያ የሚፈሰው ሲሚንቶ ነው። ቧንቧው መሃል ላይ ካልቆመ ወይም የቁፋሮው ጭቃ ሳይጠረግ ሲሚንቶ ከተሞላ፣ ቀጭን ክፍተት ይቀርና ጋዙ በዚያ ሽቅብ ይወጣል። ሁለተኛው ተመልሶ የሚወጣው ፍሳሽ ነው፤ በጣም ጨዋማ ነው፣ ባሪየም የተባለ ብረትና ጨረር የሚያመነጨው ራዲየም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር የአካባቢው ውሃ ናሙና ተወስዶ ሚቴን (የጋዙ ዋና ክፍል)፣ ክሎራይድና ባሪየም ይለካ። የቀድሞው ልኬት ከሌለ ኋላ ላይ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ይባላል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ጥ፦ ካራቆሬ ነኝ፤ መሬት መንቀጥቀጥስ?

መ፦ የ1953 ዓ.ም.ን መንቀጥቀጥ ለሚያስታውስ አገር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያ ግን የስምጥ ሸለቆው የተፈጥሮ ሥራ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ መሬቱን በዋናነት ያናወጠው ፍሳሹን መልሶ ወደ ጥልቅ ድንጋይ መጣሉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ፖኒ በምትባል ከተማ አጠገብ የመንቀጥቀጡ መጠን በመለኪያ 5.8 ደርሷል። በእንግሊዝ ላንካሻየር ግን ስንጠቃው ራሱ በ2019 2.9 አስመዘገበ፣ መንግሥትም በዚያው ዓመት አስቆመው።

ጥ፦ ጥቅሙስ?

መ፦ ጋዝ ለኤሌክትሪክ ሲነድ የሚለቀው ካርቦን የድንጋይ ከሰል ከሚለቀው ግማሽ ያህል ነው። ነገር ግን ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከተመረተው 3 በመቶ አካባቢ ካፈተለከ ከከሰል የተሻለበትን ጥቅም ይበላዋል። እኔ ፈቃድ ሰጪ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው የሚያፈተልከው ጋዝ የሚለካበትን መሣሪያ ነው።

ጥ፦ እኛ ጋ ይመጣ ይሆን?

መ፦ ደጋችን ላይ የተነጠፈው ባዛልት፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ እሱ ጋዝ አያዝልም። የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ መስክም ቢሆን በተለመደው ቁፋሮ የሚወጣ ጋዝ ነው። እዚህ የሚቆፈረው የመጠጥ ውሃ ነው፤ እሱም ቢሆን በቧንቧው ዙሪያ ከላይ ያለው ጥቂት ሜትር በሲሚንቶ ካልታሸገ የጎርፍ ውሃ ይገባበታል። ቆፋሪው ሳይሄድ ይህን አይታችሁ ፈርሙለት።