64 አልፋለች፤ ግን የምን 64?

ጥያቄ፦ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ካርዷ ላይ ሂሳብ 64 ይላል። ቤት ግን ½ እና ⅓ን ደምሪ ብላት 2/5 አለችኝ። መምህሩን ባነጋግራቸው «አልፋለች እኮ፤ ቤት ያስጠኗት» አሉኝ። እኔ ከ8ኛ ክፍል አልዘለልኩም። ጥፋቱ የማን ነው?
እናት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ 64ቱን ይበትኑት። መምህሩ ዘንድ ማርክ ሊስት አለ፤ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አከፋፈሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ለምሳሌ የቤት ሥራ 10 ከ10፣ ደብተር 10 ከ10፣ የቡድን ሥራ 15 ከ15፣ ቴስት 7 ከ15፣ ፋይናል 22 ከ50 ቢሆን ድምሩ 64 ነው። ብቻዋን ተቀምጣ የሠራችው ግን 29 ከ65፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። የቡድኑን ሥራ አንድ ጎበዝ ልጅ ይሠራዋል፣ ማርኩን አምስቱም ይካፈሉታል። የቤት ሥራም ብዙ ጊዜ ራይት የሚደረግለት መሠራቱ ታይቶ እንጂ ተነቦ አይደለም። ደብተሯን ይግለጡ፦ የተሳሳተ መልስ ላይ ራይት ካለ ያንን ገጽ ይዘው ይሂዱ።

መምህሩ ላይ ለመፍረድ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ከክፍሉ ልጆች ስንቱ በፋይናሉ ከ25 በታች አመጣ? ለምሳሌ ክፍሉ 55 ልጅ ቢኖረውና 40ው ከሆነ ችግሩ ማስተማሩ ላይ ነው፤ ምዕራፉ እንደገና መሰጠት አለበት። አምስት ስድስት ልጅ ብቻ ከሆነ ለእነሱ ማጠናከሪያ ይበቃል። ያላወቀውን ልጅ ለይቶ መደገፍ የመምህሩ ሥራ ነው፤ «ቤት ያስጠኗት» ብቻውን መልስ አይሆንም። (በእርግጥ 55 ልጅ ያለባቸው አምስት ሴክሽኖች የያዘ መምህር 275 ደብተር አለበት። ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ራይቱ የሚቸኩለው ለዚህም ነው።)

ማርክ ይጨመርላት ብለው ግን እንዳይለምኑ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትም እዚያ የደረሱት በየዓመቱ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» እየተባለ ነው።

የእርስዎን ድርሻ ለመወጣት 8ኛ ክፍል ይበቃል። ልጅቱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራለች። «ግማሽ ላይ ጨምረሽ እንዴት ከግማሽ ያነሰ አገኘሽ?» ይበሏት፤ 2/5 ከ½ ያንሳልና። ከዚያ አንድ እንጀራ 6 እኩል ቦታ ቆርጠው ያሳዩዋት፦ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ፣ ድምሩ 5 ከ6። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ አምስት ጥያቄ፤ መልሱን ሳይሆን አሠራሩን ትንገርዎ።

መምህሩን በእረፍት ሰዓት በር ላይ አያስቁሟቸው፤ ክፍት ክፍለ ጊዜያቸውን ጠይቀው ይሂዱ። የታረመውን የፋይናል ወረቀት አብራችሁ እዩ፣ የቱ ርዕስ እንደከበዳት ይለዩ፣ ማጠናከሪያው በየትኛው ቀን እንደሆነ ይቁረጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ርዕስ 10 ጥያቄ ብቻዋን ትፈተን። ቀጠሮው ካልተከበረ ወደ ዩኒት መሪው፣ ቀጥሎ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ይሂዱ፤ ደብተሩንና የፈተናውን ወረቀት እንደያዙ።