ስለ «ሌቱም አይነጋልኝ» የአንባቢዎች ስሜት

ውድ ጠያቂ፣ የ«ሌቱም አይነጋልኝ» ታሪክ አልያያዝ እንዳለዎትና የቃላቱ ግልጽነት እንደከበደዎት ገልጸው፣ ሌሎች ለምን እንደሚያደንቁት ጠይቀዋል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ከአብዮቱ በፊት ጽፎት ለረጅም ዓመታት ሳይታተም የቆየው ይህ ልቦለድ የአዲስ አበባ የመሸታ ቤቶችና የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የነበረውን የውቤ በረሃን ሌሊቶች የሚያሳየው በአንድ ዋና ታሪክ አስሮ ሳይሆን ከሰው ሰው እየተሻገረ ስለሆነ፣ ልብ አንጠልጣይ ሴራ የሚጠብቅ አንባቢ ቢሰለች አይፈረድበትም። ብልግና ነው ብለው የተዉትም ብዙዎች ናቸው፤ ቅሬታቸውን አከብራለሁ። እኔ የማደንቀው ግን ደራሲው በሴተኛ አዳሪዎቹ ላይ ሳይፈርድ፣ ሳይሰብክም፣ እንደማንኛውም ሰው ሲስቁና ሲጣሉ እንድንሰማቸው ማድረጉን ነው። ጨለማው የሚከብደውም መካሪ ድምፅ ስለሌለው ይመስለኛል። እንደገና ከሞከሩት ሴራውን ትተው ንግግሩን ይከተሉ፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ባያነቡ ይሻላል።